ያደረ ምግብ፦ ከቆጮ ጉድጓድ እስከ ሩዝ ድስት



ባለፈው ስብሰባችን ላይ ስለ ሩዙ የተነሳውን ክርክር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያልነበራችሁም ሳትሰሙ አትቀሩም፤ ሀደሮ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ጸሐፊያችን «ነገሩን ከሥሩ ጻፊልንና በዜና መጽሔታችን ይውጣ» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩ። ብዙ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ስለኖርኩ ነገር የምጀምረው ከሩቅ ነው። ታገሱኝ።

መጀመሪያ ግን የሆነውን ላስታውስ። ማኅበራችን ለአንድ የምርቃት ድግስ ምግብ እንዲያዘጋጅ ታዞ ነበር። «ነገ ጊዜ አይበቃንም» ብለን ሩዙን ከዋዜማው ማታ በትልቁ ድስት ቀቀልነው። ከድነን፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገን ማዕድ ቤት አሳደርነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሽንኩርትና ካሮት በዘይት አቁላልተን ሩዙን ጨመርንበትና እስኪያጨስ ድረስ አሞቅነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቀረበ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን የመጀመሪያው ልጅ አስመለሰ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ስምንት ልጆችና ሦስት አዋቂዎች ታመሙ፤ ከልጆቹ አንዱ የእኔ የልጅ ልጅ ነው። በማግስቱ ሁሉም ድነው ዋሉ፤ ያቺ ማታ ግን ረጅም ነበረች።

ከዚያ ማታ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በድግሱ ላይ ሸክላ ሠሪዋ አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። ጥግ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጄን ሲበላ አይተው «እሰይ፣ እንዴት ደስ ይላል ሲበላ» ብለዋል። ሰምቻቸዋለሁ፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ልጁ ሲያስመልስ ግን ያችው ቃል በሰው አፍ ተገለበጠች። «ዓይን ነው»፣ «ቡዳ በላው» ተባለ። በከምባታም በሀዲያም ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁና ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች በአንድ ማዕድ እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአያቶቻችን ታሪክ ነው ብለን እንዳንሸሽ የእኛም ነው። እኚህ ሴት ድግስ ላይ መቀመጥ የቻሉት በእኛ ዕድሜ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ወደ ኋላ ሊመለስ ሆነ። እኔም ያን ዕለት አፌን አልከፈትኩም። ይህን የምጽፈው በዚህም ምክንያት ነው።

በስብሰባው ላይ «ሩዙ ይሆን እንዴ?» ያለችውን እህት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ መለሰላት። አንዷ «እሳት ያልገደለው ምን አለ? እስኪያጨስ አሙቀነዋል» አለች። ሌላዋ «አሽትቼዋለሁ፣ ቀምሼዋለሁ፣ ምንም አልነበረውም» አለች። ሦስተኛዋ ያለችው ከሁሉም ከበደኝ፦ «እናቶቻችን ያደረ ሲያበሉን ኖሩ፤ ማን ታመመ?»

እውነት ነው፤ አልታመምንም። ለምን አልታመምንም የሚለው ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

የእናቶቻችን ምግብ እንሰት ነው። እንሰቱ ተቆርጦ ከተፋቀ በኋላ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ወራት ይቆያል፣ ዓመትም የሚቆይ አለ። ይህን የመፋቅ ሥራ ከጥንት የያዙት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ ወደዚያ ዝር እንዳይል የሚከለክል ልማድም ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር፣ እርጥብ ምግብ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ወራት ተቀምጦ ሰው አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ1987 ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የቆጮን መብላላት መርምረው አሳተሙ። ትኩሱ ቆጮ የአሲድነቱ መለኪያ 6.5 አካባቢ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን ተነስተው ወደ 5.6 ያወርዱታል፤ እነሱ ሲደክሙ ሌሎች ተተክተው እስከ 4.2 ያደርሱታል። መለኪያው ባነሰ ቁጥር ምግቡ ይበልጥ ይኮመጥጣል ማለት ነው። እዚያ ኮምጣጣ ውስጥ በሽታ የሚያመጡት አብዛኞቹ መራባት አይችሉም። እናቶቻችን ቁጥሩን ባያውቁትም በሽታውና በጣታቸው ያውቁት ነበር፤ ቆጮውን እየገለጡ፣ እያገላበጡ፣ ቅጠሉን እየቀየሩ መጠበቃቸው ከንቱ ልማድ አልነበረም።

እንጀራም እንዲሁ ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይብላላል፤ ከተጋገረ በኋላም ኮምጣጣነቱ አብሮት ይኖራል። ያደረ እንጀራ ሻገተ ካልሆነ በቀር አያስፈራም፤ ሻጋታው ደግሞ ለዓይን ይታያል። ይህ የመታየቱ ነገር ትልቅ ነው። የእኛ አሮጌ ምግቦች ሲበላሹ ይናገራሉ። ይሸታሉ፣ ይሻግታሉ፣ ቀለማቸው ይለወጣል። ዓይናችንና አፍንጫችን የሠለጠኑት በእነዚህ ላይ ነው።

ሩዝ ወደ እነዚህ ምግቦች መካከል ዘግይቶ ገባ።

በአገራችን የሩዝ እርሻ ነገር ሲነሳ የሚጠራው ፎገራ ነው፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በወረታ ዙሪያ ያለው ሜዳ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ስለሚያጥለቀልቁት አብዛኛው የከብት ግጦሽ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ የወጣው ከዚያ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ እንዲዘራ ረዱ። ዛሬም ድረስ የሚዘራው ኤክስ ጅግና የሚባል ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም መንግሥት ሩዝን «የሚሌኒየሙ ሰብል» አለው፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን የፎገራ ሴቶች ሩዙን ምን እንዳደረጉት ነው። አስፈጩትና ከጤፍ ጋር ቀላቅለው በእርሾ አብኩተው እንጀራ ጋገሩት። ጠላም ጠመቁበት። አዲሱን እህል ወደ አሮጌው እንስራና ቡሃቃ አስገቡት ማለት ነው። ያ ሩዝ እንደ ጤፉ ኮምጥጧልና እንደ ጤፉ ቢያድር አያስፈራም።

ወደ እኛ ግን ሩዝ የመጣው በሌላ በር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሩዝ የሰርግ ምግብ ነበር፤ ያውም የሀብታም ሰርግ። ኋላ ከሱቅ በኪሎ የሚገዛ ሆነ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ልጆቻችን ይዘውት መጡ። በሳዑዲና በሌሎቹ አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ ከብሳ በየቀኑ በትልቅ ድስት ቀቅለዋል፤ ሲመለሱ ሙያው አብሯቸው ተመለሰ። የማኅበራችን ምርጥ ሩዝ ቀቃዮች እነማን እንደሆኑ ስም መጥራት አያስፈልገኝም። እነሱ ግን ከሩዙ ጋር ያልመጣ ነገር አለ፤ እዚያ ቤት የነበረው ማቀዝቀዣ። እኛ ጋ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ያለውም መብራት ሲጠፋ ቁም ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ ሩዝ ወደ ሀደሮ የገባው ሳይኮመጥጥ፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ፣ በድስት ተቀቅሎ ነው። አሲድ የለው፣ ጨው አይበዛው፣ አልደረቀ። ለሰው ልጅ የጣፈጠው ለሌላውም ይጣፍጣል።

ያ «ሌላው» ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓለምም ጊዜ ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1887 ግሬስ ፍራንክላንድ የተባለች እንግሊዛዊት ከባልዋ ከፐርሲ ጋር ሆና ከላም በረት አየር ላይ አንድ ባክቴሪያ ለይታ ገለጸች። ዛሬ ባሲለስ ሴሪየስ ይባላል። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሳይንስ ስትሠራ ብዙ አይታይም ነበርና ስሟን ማለፍ አልፈለግሁም። ባክቴሪያው በአፈር፣ በአቧራ፣ በእህል ላይ ያለ ነው፤ ብርቅ አይደለም። ነገር ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው እንደሚያሳምም በእርግጠኝነት የተረዳ አልነበረም።

ያረጋገጠው ስታይናር ሃውገ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። ከ1947 እስከ 1949 በኦስሎ ወደ 600 ሰዎች በምግብ ታመሙ። የበሉት በአንድ ቀን ቀድሞ ተዘጋጅቶ በትልቅ ዕቃ ያለ ማቀዝቀዣ ያደረ የቫኒላ ሶስ ነበር። ሶሱ በበቆሎ ስታርች የተሠራ ነው፤ የባክቴሪያው ዘር ከስታርቹ ጋር ገባ። ሃውገ ጥርጣሬውን ለማጣራት ባክቴሪያውን ሶስ ውስጥ አራብቶ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ራሱ ጠጣው። ከ13 ሰዓት ገደማ በኋላ ሆዱን አጥብቆ ያዘው፤ ተቅማጡም ተከተለ። እኔ ብሆን አላደርገውም።

የእኛን ድስት የሚመስለው ታሪክ ግን የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ከ1971 ጀምሮ ከቻይና ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ሩዝ የበሉ ሰዎች በተደጋጋሚ ይታመሙ ጀመር። ከበሉ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳቸዋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል። መርማሪዎቹ ወደ ማዕድ ቤቶቹ ሲገቡ ያዩት ይህን ነው፦ ሩዙ በብዛት ይቀቀላል፤ ማታውን በክፍል ሙቀት ያድራል፤ በማግስቱ ደንበኛ ሲመጣ ከእንቁላል ጋር በዘይት ለጥቂት ደቂቃ ይጠበሳል። ለምን ማቀዝቀዣ ውስጥ አላስገባችሁትም ሲባሉ «ይጣበቃል፣ ፍሬ ፍሬ አይሆንም» አሉ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ እኛም ያልነው ይህንኑ ነበርና።

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች ልመለስ።

«እሳት ያልገደለው ምን አለ?» ይህ ባክቴሪያ ሲጨንቀው እንደ ዘር ፍሬ ጠንካራ ልባስ ለብሶ ይተኛል። ጥሬ ሩዝ ላይ ያለው በዚህ መልክ ነው። የሚፈላ ውሃ አይገድለውም፤ ይልቁንስ እንደ ሞቀ እርጥብ መሬት ያነቃዋል። ሩዙ ቀዝቅዞ ለብ ሲል ይበቅላል፣ ይራባል፤ በሚመቸው ሙቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ማታ ሁለት ሰዓት ከእሳት የወረደ ድስት እስከ ረፋድ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ልጆቻችሁን በሒሳብ ጠይቁ። ትልቅ ድስት ደግሞ መሃሉ እስከ ሌሊት ድረስ ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ እኛ ነጠላውን ስናለብሰው ሳናውቅ አልጋ አነጠፍንለት። ሲራባ የሚያስመልስ መርዝ ይሠራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን መርዝ ለይተው ሴሪዩላይድ አሉት። በ121 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ ቢሞቅ እንኳ አይጠፋም። ሆሳዕና ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ግፊት ድስት እንኳ ከ120 ብዙም አያልፍም። በማግስቱ ስናሞቀው ባክቴሪያውን ገደልን እንበል፤ መርዙን ግን አሙቀን አቀረብን።

«አሽትቼዋለሁ፣ ቀምሼዋለሁ።» መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። አፍንጫችን ለቆጮ የሠለጠነ ነው፤ ሩዝ አያናግረውም።

«እናቶቻችን ያደረ ሲያበሉን ኖሩ።» አዎ፤ ግን ሩዝ አላበሉንም።

በድግሱ ሩዝ ላይ ላቦራቶሪ አልመረመረም፤ ትራፊውም ተደፍቶ ነበር። ስለዚህ ማንም ምሎ ሊናገር አይችልም። ነገር ግን በበሉ በሁለት ሦስት ሰዓት ማስመለሱ፣ በማግስቱ መዳኑ፣ ሩዙን ያልበሉት አንድም አለመታመማቸው አንድ ላይ ሲታይ ለእኔ በቂ ነው። አሮጊቷ ያዩት ልጅ አንድ ነው፤ የታመመው አሥራ አንድ ሰው ነው።

«እንግዲህ ቢያስመልስ በቀኑ ይድናል» የምትል ብትኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጂየም የሆነውን ልንገራት። አምስት የአንድ ቤተሰብ ልጆች በቂ ባልቀዘቀዘ ማቀዝቀዣ የቆየ የፓስታ ሰላጣ በልተው ታመሙ፤ የሰባት ዓመቷ ልጅ ሞተች። እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው፤ ግን ፓስታና መኮሮኒም ከሩዝ ጋር አንድ እንደሆኑ ያሳያል። ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ እስከዚያው በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠ ውሃ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ ይሰጠው። «ዓይን ነው» ተብሎ ጭስ እየታጠነ አይደር።

ታዲያ ሩዝ እንተው? አልልም። በምግብ ዝግጅቱ ገቢ ካገኘነው አብዛኛውን ያመጣው ሩዝ መሆኑን ገንዘብ ያዣችን ታውቃለች። የምለው ከእሳት እስከ አፍ ያለውን ሰዓት እንቁጠር ነው። ለድግስ የሚሆነው በዕለቱ ይቀቀል፤ ለዚህ ሁለት ሴት ሌሊት አሥር ሰዓት መነሳት ካለባት ተራ እንግባ። ተቀቅሎ እስኪቀርብ የሚቆየው ከሰል ላይ ሆኖ ጣት በማያስገባ ሙቀት ይቆይ፤ ለብ ያለ ሩዝ ነው አደገኛው። ቤት ውስጥ የተረፈው በድስቱ አይቀመጥ፤ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይዘርጋ፣ ትሪው ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ ይቀመጥ። ስስ ሆኖ የተዘረጋ ሩዝ ፈጥኖ ይበርዳል፤ በድስት የተከመረ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይበርድም። ማቀዝቀዣ ያላት በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ታስገባውና በማግስቱ ትጨርሰው፤ ሲሞቅም እስከ መሃሉ በደንብ ይጋል፣ ያም አንድ ጊዜ ብቻ። ሌሊት መብራት ከጠፋ ያ ሩዝ ውጭ እንዳደረ ይቆጠር። ማቀዝቀዣ የሌላት ለማሳደር አትቀቅል፤ በሲኒ ለክታ ለዕለቱ ብቻ ትቀቅል።

ያደረውን ለዶሮ መስጠት ወይም መድፋት ያማል። እህል መጣል ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን፤ የተረፈውን አዙራ የምታበላ ሴት ባለሙያ የምትባልበት አገር ነው። እኔም አንድ ድስት ሩዝ ስደፋ የእናቴ ዓይን ከኋላዬ ያለ ይመስለኛል። እናቴ ግን የምትሰስተውን ቆጮም በጉድጓዱ ጥግ የጠቆረውን ክፍል እየቆረጠች ስትጥል አይቻታለሁ፤ ሳትሳሳ ነበር የምትጥለው።

ገንዘብ ያዣችን በሚቀጥለው ስብሰባ የሚነሳ ተቃውሞ አላት፦ ሌሊት ለሚነሱት አበል ከየት ይከፈላል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዘን እንምጣ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄድኩ። የልጅ ልጄንም ይዤው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ጭቃ እየረገጡ ነበር። ስለ ሩዙ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ያን ዕለት ዝም በማለቴም ይቅርታ ጠየቅሁ። ሥራቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝና ልጁን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ ጭቃው መለሱ፤ ብዙ እንዳያዩት ነው። «ድኗል አይደል?» አሉ። «ድኗል» አልኳቸው። ከዚያ ስለ ማገዶ መወደድ አወራን።